ቀለሙ ሳይጠፋ ኢፌክቱን ብቻ በጅምላ ማንሳት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «በኢለስትሬተር (በመስመርና በቅርጽ በሚሳልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) የተሠራ አንድ በጣም የተወሳሰበ ሥዕል ተረክቤያለሁ። በመቶ የሚቆጠሩ ኦብጀክቶች (የተሳሉ ቅርጾች) አሉበት። ግሩፕ በግሩፕ ውስጥ፣ ሌየር (ንብርብር) በሌየር ውስጥ ነው። ግማሹ ላይ እንደ ድሮፕ ሻዶው (ጥላ)፣ ግሎው (ፍካት)፣ ፌዘር (ጠርዝ ማለስለሻ) ያለ ኢፌክት ተጨምሮበታል። ሁሉንም አንስቼ ጠፍጣፋ ሥዕል ላደርገው እፈልጋለሁ። ሁሉንም መርጬ ክሊር አፒራንስ ስጫን ሥዕሉ ራሱ ጠፋ። አንድ በአንድ ማንሳት ደግሞ አይታሰብም። በአንድ ጊዜ የሚያነሳ መንገድ አለ?»

አለ ወንድሜ። ግን «በአንድ ጊዜ» የምትለውን ትንሽ ላላ አድርጋት። አንድ ቁልፍ ተጭነህ የምትገላገለው ሥዕሉ ቀላል ከሆነ ነው። የተወሳሰበ ከሆነ ኢፌክቱ የት የት እንደተሰቀለ መጀመሪያ ማወቅ አለብህ፤ ከዚያ በኋላ ማንሳቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚለፋው የተሰቀለበትን ቦታ ሳያውቅ ስለሚሰርዝ ነው።

መጀመሪያ ሥዕሉ ለምን እንደጠፋብህ ልንገርህ። ጉድ የሠራህ የተጫንከው ቁልፍ ነው። ክሊር አፒራንስ የሚያነሳው ኢፌክቱን ብቻ አይደለም፤ ፊሉንም (የውስጥ ቀለሙን) ስትሮኩንም (የጠርዝ መስመሩን) አብሮ ይጠርጋል። ኦብጀክቶቹ አልጠፉም። ኮንትሮል ዋይ ብትጫን (ማክ ላይ ኮማንድ ዋይ) የሁሉንም ጠርዝ ታያለህ። ቀለም ስለሌላቸው ብቻ ነው የማይታዩት። ችግሩ ይቺ ቁልፍ አፒራንስ ፓነሉ (የኦብጀክቱን መልክ የሚዘረዝረው ሳጥን) ግርጌ ላይ በግላጭ ተቀምጣለች፣ ትክክለኛው ትእዛዝ ግን ተደብቋል። እሱ ሪዲውስ ቱ ቤዚክ አፒራንስ ይባላል (ከዚህ በኋላ ባጭሩ «ሪዲውስ» እለዋለሁ)፤ ከፓነሉ ቀኝ ላይኛ ጥግ ያሉትን ትንንሽ መስመሮች ስትጫን በሚወርደው ሜኑ ውስጥ ታገኘዋለህ። ይሄ አንድ ፊልና አንድ ስትሮክ ያስቀርልህና ሌላውን ሁሉ ያነሳል። ፓነሉ ራሱ ካልታየህ ሺፍት ኤፍ 6 ተጫን።

እንግዲህ «አመሰግናለሁ» ብለህ ሮጠህ ሁሉንም መርጠህ እንዳትጫነው። ሁለት ነገር ይጠብቅሃል። አንደኛ ግማሹ ኢፌክት አሁንም እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ የማይነሳው ነገር ይነሳል። ሁለቱም ለምን እንደሚሆኑ እንይ።

ኢለስትሬተር ውስጥ ኢፌክት የሚቀመጥበት ቦታ ብዙ ነው። ኦብጀክቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ግሩፑ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌየሩ ላይ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ወርዶ የአንድ ኦብጀክት አንዱ ፊል ወይም አንዱ ስትሮክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲምቦል (አንዴ ተሠርቶ በየቦታው የሚደገም ሥዕል) ውስጥ ተቀብሮም ሊገኝ ይችላል። አንተ በጥቁሩ ቀስት ግሩፕ መርጠህ ሪዲውስ ስትለው የሚነሳው የግሩፑ ነው፤ ውስጡ ያሉት የየራሳቸው ኢፌክት ካላቸው አይነካቸውም። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ቅጠል መርጠህ ጥላውን ፈልገህ ስታጣው ጥላው ከሁለት ግሩፕ በላይ ባለው ሌየር ላይ ተሰቅሎ ይሆናል፤ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ምድር ቤት ገብቶ እንደመፈለግ ነው።

ታዲያ የት እንዳለ በምን ይታወቃል? ሌየርስ ፓነሉን ክፈትና ከእያንዳንዱ ስም በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ክብ እያት። ባዶ ክብ ከሆነች እዚያ ቦታ ላይ ከተራ ፊልና ስትሮክ የዘለለ ነገር የለም። ውስጧ የተሞላ ወይም የጠቆረ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተሰቅሏል፤ ኢፌክት፣ ኦፓሲቲ (የማሳለፍ መጠን)፣ ብሌንድ ሞድ (ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር የሚዋሃድበት መንገድ)፣ ወይም ተጨማሪ ፊል። ዙሪያዋ ሌላ ቀለበት ከታየ ደግሞ አሁን ያነጣጠርከው እሱን ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ልዩነት አለ፤ መምረጥና ማነጣጠር አንድ አይደሉም። ሌየሩን ከፍተህ ውስጡ ያሉትን ሁሉ ብትመርጥ ሌየሩን አላነጣጠርክም። የሌየሩን ኢፌክት አፒራንስ ፓነል ላይ ለማየት የሌየሩን ክብ ራሷን መጫን አለብህ።

እኔ ሁሌም ከላይ ወደ ታች ነው የምሄደው። መጀመሪያ ሌየሮቹን ብቻ ዘግቼ አያለሁ። የተሞላ ክብ ያለው ሌየር ካለ ክቧን በማውስ ይዤ ፓነሉ ግርጌ ወዳለው የቆሻሻ ቅርጫት እጎትታታለሁ። ሌየሩ አይሰረዝም፤ የተሰቀለበት ነገር ብቻ ነው የሚሰረዘው። ሌየርና ግሩፕ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ፊል ስለማይኖራቸው እዚህ ደረጃ ላይ ቀለም የመጥፋት ስጋቱ ትንሽ ነው። ኦብጀክት ላይ ግን ከመጎተት ይልቅ ሪዲውስን ተጠቀም። ሺፍት ይዘህ ብዙ ክቦችን አንድ ላይ ማነጣጠርም ትችላለህ፤ የግሩፖቹን በዚህ መንገድ ሰብስበህ ሪዲውስ በላቸው። ትልልቅ ሥዕሎች ላይ ከጥላው አብዛኛው የሚገኘው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚያውቅ ሠዓሊ ለአንድ ዛፍ ጥላ ሲሰጥ ለዛፉ ግሩፕ ይሰጣል እንጂ ለየቅጠሉ አይሰጥም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርግ። ከዚያ ኦብጀክት ሜኑ ውስጥ አንሎክ ኦልና ሾው ኦል በል። የተቆለፈና የተደበቀ ነገር ምርጫ ውስጥ አይገባም፤ ጨርሻለሁ ብለህ ፋይሉን ስታስረክብ ከተደበቀ ኦብጀክት ላይ ግሎው ይወጣል። መጀመሪያ ግን የተደበቁት የትኞቹ እንደነበሩ ጻፍ፤ ሾው ኦል ካልክ በኋላ አሮጌ ንድፎች ሁሉ ሥዕሉ ላይ ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁሉም ኢፌክት ጌጥ አይደለም። ይሄን ነው በጅምላ ከሚሰርዙ ሰዎች ጋር ሁሌ የምጨቃጨቀው። ድሮፕ ሻዶው፣ አውተር ግሎው፣ ኢነር ግሎው፣ ፌዘር ብታነሳቸው ሥዕሉ ጠፍጣፋ ይሆናል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። ግን እዚያው ኢፌክት ሜኑ ውስጥ ቅርጹን ራሱን የሚሠሩም አሉ። ትራንስፎርም የሚባለው ኢፌክት ኮፒ ማብዛት ይችላል፤ አንድ የአበባ ቅጠል ተስሎ ሌሎቹ አሥራ አንዱ በሱ የመጡ ከሆነ፣ ኢፌክቱን ስታነሳ አበባው አንዲት ቅጠል ይሆናል። ኦፍሴት ፓዝ ደግሞ በጽሑፍ ወይም በሎጎ ዙሪያ ያለውን ወፍራም ጠርዝ የሠራው እሱ ሊሆን ይችላል። ዚግዛግ የውሃ ማዕበል ሆኖ ይሆናል፤ ስታነሳው ቀጥ ያለ መስመር ይቀርሃል። ራውንድ ኮርነርስ፣ ዋርፕ፣ ራፈን፣ እንዲሁም የፓዝፋይንደር ኢፌክቶች እንደዚያው ናቸው። ከአንድ በላይ ፊልና ስትሮክ ያለውም ኦብጀክት በዚሁ ይመደባል። መንገድ የሳለ ሰው ከሥር ወፍራም ጥቁር፣ ከላይ ቀጭን ቢጫ፣ መሐል ላይ የተቆራረጠ ነጭ ስትሮክ በአንዲት ፓዝ (መስመር) ላይ ደርድሮ ይሆናል። ሪዲውስ ስትለው የሚተርፈው አንድ ስትሮክ ብቻ ነው፤ መንገድህ ክር ይሆናል።

ስለዚህ ቅርጽ ሠሪ የሆኑትን አስቀድመህ ወደ እውነተኛ ፓዝ ለውጣቸው። ኦብጀክት ሜኑ ውስጥ ኤክስፓንድ አፒራንስ የሚለው ይሄን ያደርጋል። ሦስቱ ስትሮክ ሦስት ፓዝ ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱ ቅጠል አሥራ ሁለት ፓዝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሪዲውስ ብትለው የሚጎዳ ነገር የለም። ዋጋው፣ በኋላ ኢፌክቱን መልሰህ ማስተካከል አትችልም። ለዚህ ነው ቅጂው ላይ ሥራ ያልኩህ።

እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ አለ፤ ለሌዘር መቁረጫ ወይም ለቪኒል መቁረጫ ለሚዘጋጅ ፋይል በጣም ይመቻል። ድሮፕ ሻዶውና ግሎው ኢፌክት ሜኑ ውስጥ ከቬክተር (በመስመርና በቅርጽ ከሚሠሩ) ኢፌክቶች ጋር ቢቀመጡም ውጤታቸው ፒክሰል (እንደ ፎቶ የነጥቦች ስብስብ) ነው። ኤክስፓንድ አፒራንስ ስትላቸው ወደ ምስል ይለወጣሉ። እንግዲህ የሥዕሉን ቅጂ በሙሉ ኤክስፓንድ ካደረግከው ቅርጽ ሠሪዎቹ ፓዝ ይሆናሉ፣ ጥላዎቹ ደግሞ ምስል ሆነው ይለያሉ። ከዚያ ምስሎቹን ብቻ ሰብስቦ መሰረዝ ነው፤ በጣም ብዙ ከሆኑ ያሉትን ምስሎች በሙሉ የሚሰርዝ ስክሪፕት (ሥራውን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ሁለት ሦስት መስመር አይበልጥም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ብለር (ማደብዘዣ) የተደረገባቸው ላይ ነው። ብለር ኦብጀክቱን ራሱን ነው ፒክሰል የሚያደርገው፣ ስለዚህ ምስሉን ስትሰርዝ ደመናው ራሱ ይሄዳል። ብለር ያለባቸውን ኤክስፓንድ ከማድረግህ በፊት ለይተህ በሪዲውስ አጽዳቸው። ሥዕሉ ውስጥ ሆን ተብሎ የገባ ፎቶ ካለም እንዲሁ ሌላ ሌየር ላይ አውጥተህ አስቀምጠው።

ወደ ተራው መንገድ እንመለስ። ሌየሩም ግሩፑም ጸድቶ የቀሩት ኦብጀክቶች ናቸው እንበል። ብዙ ኦብጀክት አንድ ላይ ስትመርጥ አፒራንስ ፓነሉ «ሚክስድ አፒራንስስ» ይልሃል፤ የኢፌክት ዝርዝር አያሳይህም፣ ስለዚህ ድሮፕ ሻዶውን ብቻ ነጥለህ መጣል አትችልም። እዚህ ጋ ሴሌክት ሜኑ ገብተህ ሴም፣ ከዚያ አፒራንስ ብትል ያሳዝንሃል። እሱ የሚመርጠው ነገረ ሥራው ሁሉ አንድ የሆነውን ነው፤ ቀለሙም፣ የመስመሩ ውፍረትም፣ ጥላውም። አንድ ዓይነት ጥላ ያላቸው ቀይና ሰማያዊ ቅርጾች ለሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚሻለው ከሱ አጠገብ ያለው አፒራንስ አትሪቢዩት የሚለው ነው። አንድ ኦብጀክት መርጠህ፣ አፒራንስ ፓነሉ ላይ ድሮፕ ሻዶው የሚለውን መስመር ተጭነህ፣ ከዚያ ይሄን ትእዛዝ ትሰጣለህ። የጥላው ቁጥሮች አንድ የሆኑትን ይሰበስብልሃል። አንዱ ጥላ 3 ፒክሰል ሌላው 4 ፒክሰል ከሆነ ግን ሁለተኛ ዙር መሄድ ነው።

ነጥሎ መጣል ካላስፈለገህ፣ ማለትም ጠፍጣፋ ይሁን ብለህ ከወሰንክ፣ በቀለም ሂድ። ሴሌክት፣ ሴም፣ ፊል ከለር። ይሄ ግሩፕ ውስጥ ያሉትንም ኦብጀክቶች አንድ በአንድ ነው የሚመርጥልህ እንጂ ግሩፑን አይደለም። ከዚያ ሪዲውስ። ቀጣዩ ቀለም፤ ሪዲውስ። በሥርዓት የተሣለ ሥዕል የቀለም ብዛቱ ከኦብጀክቱ ብዛት በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ታልፈዋለህ። ግሩፑ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በድርብ ክሊክ ውስጡ ገብተህ ኮንትሮል ኤ ማለት ይቀላል።

ኦፓሲቲና ብሌንድ ሞድም በሪዲውስ አብረው እንደሚሄዱ እወቅ። 40 በመቶ የነበረው መስታወት ድፍን ሆኖ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። እነዚህን የምትፈልጋቸው ከሆነ በሴሌክት ሴም ኦፓሲቲ አስቀድመህ ሰብስበህ ለብቻቸው ቆልፋቸው። ኦፓሲቲ ማስክ ያለባቸውንም እንደዚያው።

ዕድለኛ ከሆንክ ግን ይሄ ሁሉ ላያስፈልግህ ይችላል። ኦብጀክት ስትመርጥ አፒራንስ ፓነሉ አናት ላይ ከኦብጀክቱ ዓይነት ጎን የግራፊክ ስታይል (በስም የተቀመጠ የመልክ ቅንብር) ስም ከታየ፣ ሥዕሉን የሠራው ሰው ስታይል ተጠቅሟል ማለት ነው። አንዱን መርጠህ ኢፌክቱን ታነሳና ከፓነሉ ሜኑ ሪዲፋይን ግራፊክ ስታይል ትላለህ። ከስታይሉ ጋር የተያያዘ ሁሉ በአንዴ ይለወጣል። በእውነት «በአንድ ጊዜ» የሚባለው መንገድ ይሄ ነው። ሲምቦልም ተመሳሳይ ነው፤ ሲምቦሉን ድርብ ክሊክ አድርገህ ውስጡን ብታጸዳ የተደገመበት ቦታ ሁሉ ይጸዳል። በተረፈ ሲምቦል ውስጥ የተቀበረ ኢፌክት ከውጭ ሆነህ የምትሰጠውን ትእዛዝ አይሰማም፤ ብዙ ሰው «አንዳንዱ እምቢ አለኝ» የሚለው እሱን ነው።

ጽሑፍ ለብቻው ጉድ አለው። የጽሑፍ ኦብጀክት ሁለት ቤት አለው፤ ጽሑፉን የያዘው አካልና ውስጡ ያሉት ፊደሎች። ቀለሙ አካሉ ላይ ተጨምሮ፣ ፊደሎቹ ግን ፊል አልባ ሆነው ሊሆን ይችላል። የአካሉን ስታጸዳ ጽሑፉ ድራሹ ይጠፋል። አፒራንስ ፓነሉ ላይ ካራክተርስ የሚለውን ድርብ ክሊክ አድርግና የፊደሎቹን ትክክለኛ ቀለም እይ። ጽሑፉ ከዚህ በኋላ የማይታረም ከሆነ ኤክስፓንድ አድርጎ ማለፍ ይሻላል።

ስክሪፕትስ? ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። የኢለስትሬተር ስክሪፕት አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ኦብጀክቱ ላይ ምን ምን ኢፌክት እንዳለ አያይም። ኢፌክት መጨመር ይችላል፣ ያለውን ዘርዝሮ መሰረዝ ግን አይችልም። ስለዚህ ስክሪፕት ጸሐፊዎች ዘዴ ይጠቀማሉ። የእያንዳንዱን ፓዝ ፊል፣ ስትሮክና የመስመር ውፍረት ይመዘግባሉ፣ የፋይሉን የመጀመሪያ ግራፊክ ስታይል ይጭኑበታል፣ ይሄም የነበረውን ሁሉ ይጠርገዋል፣ ከዚያ የመዘገቡትን ይመልሱለታል። በሺህ የሚቆጠር ኦብጀክት ላይ ግሩም ይሠራል። ግን ሳይመዘገብ የሚጠፋ ነገር አለ። ስትሮኩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የተሰለፈ ከሆነ ስክሪፕቱ ስለማያየው ወደ መሐል ይመለሳል። ወፍራምና ቀጭን እየሆነ የሚሄድ የመስመር ፕሮፋይልም እንዲሁ። ግራዲየንት ቀለሙ ቢመለስም አቅጣጫው ሊዛባ ይችላል። ሌላው፣ ያ የመጀመሪያ ስታይል በአንዳንድ ፋይል ላይ ሰው የለወጠው ይሆናል፤ ስክሪፕቱን ከማስኬድህ በፊት አንድ ካሬ ሠርተህ ስታይሉን ጫንበትና ነጭ ፊል ጥቁር ስትሮክ መሆኑን አረጋግጥ። ካልሆነ ከሁሉም ላይ ያነሳኸውን ጥላ በሁሉም ላይ ትጭናለህ።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያበሳጨው። ሪዲውስ ብለህ፣ ክቦቹ ሁሉ ባዶ ሆነው፣ ጥላው ግን አሁንም አለ። እንዲህ ከሆነ ድሮም ኢፌክት አልነበረም። ከፒዲኤፍ የተከፈተ ፋይል ላይ ጥላ የሚመጣው ምስል ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ክሊፒንግ ማስክ (ከጠርዙ ውጭ ያለውን የሚደብቅ ቅርጽ) ውስጥ ገብቶ ነው። ለሽያጭ የሚቀመጡ የኢፒኤስ (የቆየ የቬክተር ፋይል ዓይነት) ሥዕሎች ላይ ደግሞ ጥላው ብሌንድ ይሆናል፤ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሄዱ ብዙ ቅርጾች ተደራርበው። ይሄ ልማድ ምክንያት አለው። ኢለስትሬተር ትራንስፓረንሲን (አሳላፊነትን)ና አፒራንስ ፓነልን ያገኘው በ2000 በወጣው በስሪት 9 ነው። ኢፒኤስ የተመሠረተበት ፖስትስክሪፕት (የኅትመት ገጽ መግለጫ ቋንቋ) ደግሞ ከናካቴው ትራንስፓረንሲ አያውቅም። ስለዚህ በኢፒኤስ 8 መልክ የሚያስረክብ ሰው ጥላውን በእጁ ከድፍን ቅርጾች ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለውን አንዱን ጥላ መርጠህ በሴሌክት ሴም ብሌንዲንግ ሞድ ሞክር፤ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁር ብሌንድ ሞድ) የተደረጉት ባብዛኛው ጥላዎቹ ናቸው። ካልሆነ በፊል ከለር። ካልሆነ በእጅ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ፋይሉ ኤስቪጂ (ለድረ ገጽ የሚያገለግል የቬክተር ፋይል) ከሆነ ወይም መድረሻው ኤስቪጂ ከሆነ ሌላ በር አለልህ፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። ኤስቪጂ ጽሑፍ ነው። በጽሑፍ ማረሚያ ትከፍተዋለህ፣ ፊልተር (ኢፌክት በኤስቪጂ የሚጠራበት ስም) የሚለውን ትፈልጋለህ። ፊልተሮቹ ራሳቸው አንድ ቦታ ላይ ተገልጸዋል፣ ቅርጾቹ ደግሞ በስማቸው ይጠሯቸዋል። መሰረዝ ያለብህ መጀመሪያ ጥሪውን ነው። ፊልተሩን ብቻ ሰርዘህ ጥሪውን ከተውከው አንዳንድ ማሳያዎች ቅርጹን ጭራሽ አይስሉትም፤ እንደገና «ሥዕሉ ጠፋ» ትለኛለህ። ጥሪው በሦስት መልክ ይመጣል፤ እንደ ራሱን የቻለ አትሪቢዩት፣ ስታይል የሚለው አትሪቢዩት ውስጥ፣ ወይም ፋይሉ አናት ላይ ባለው የሲኤስኤስ ክላስ (የመልክ መመሪያ) ውስጥ። በሪጉላር ኤክስፕሬሽን (በጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) ፈልገህ በባዶ ተካው፣ በሺህ ቢቆጠርም ከመቅጽበት ያልቃል። ማስክና ክሊፕ ፓዝ የሚሉትን ግን እንዳትነካ፤ እነሱ የቅርጹ አካል ናቸው። ድሮፕ ሻዶው ያለበት ሥዕል ከኢለስትሬተር ወደ ኤስቪጂ ሲወጣ ጥላው ፊልተር ሳይሆን ውስጡ የታቀፈ ምስል ሊሆን ስለሚችል ኢሜጅ የሚለውንም ፈልግ። ፋይሉ ያለ ምክንያት ያበጠው በሱ ሊሆን ይችላል።

ኢንክስኬፕ (ኤስቪጂ የሚያርም ነጻ የመሳያ ፕሮግራም) ያለው ሰው ጽሑፍ መክፈትም አያስፈልገው። ኮንትሮል ኦልት ኤ በሁሉም ሌየር ያለውን ይመርጥለታል፣ ፊልተርስ ሜኑ ውስጥ ሪሙቭ ፊልተርስ ይላል፣ ብለሩም አብሮ ይነሳል፤ እዚያ ብለር ራሱ ፊልተር ነውና። ከዚያ ከፋይል ሜኑ ክሊን አፕ ዶክዩመንት ብሎ ባለቤት የሌላቸውን ፊልተሮች ያራግፋል። በ2020 ከወጣው ከስሪት 1.0 በፊት የተሠራ ፋይል ከሆነ ግን ተጠንቀቅ፤ ያኔ ብሌንድ ሞድም እንደ ፊልተር ነበር የሚቀመጠው፣ ስለዚህ መልቲፕላይ የነበረው ሁሉ ድፍን ሆኖ ይቀራል። ፓዝ ኢፌክት የሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ ቅርጽ ሠሪ ነው፣ ፓዝ ሜኑ ውስጥ የራሱ ማንሻ አለው፣ በዚህ አይነካም።

ፎቶሾፕ ላይ ያለህ ሰው ይሄን የምታነብ ከሆነ ያንተ ቀላል ነው። ሌየርስ ፓነሉ አናት ላይ ያለውን ማጣሪያ ኢፌክት ላይ አድርገህ የኢፌክቱን ዓይነት ምረጥ፣ ያ ኢፌክት ያላቸው ሌየሮች ብቻ ይቀሩልሃል፣ ሁሉንም መርጠህ በቀኝ ክሊክ ክሊር ሌየር ስታይል በል። ስማርት ኦብጀክት (የራሱን ሌየሮች በውስጡ የያዘ ሌየር) ውስጥ ያለውን አይነካውም፣ እሱን ከፍተህ ነው።

ልጠይቅህ ግን፤ ለምንድነው ልታነሳ የፈለግከው? ፋይሉ ስለሚንቀራፈፍ ብቻ ከሆነ ምንም መሰረዝ አያስፈልግህም። ኢፌክት ሜኑ ውስጥ ዶክዩመንት ራስተር ኢፌክትስ ሴቲንግስ የሚል አለ። ለኅትመት የተከፈተ ፋይል 300 ላይ ነው የሚሆነው፤ ስትሠራ ወደ 72 አውርደው፣ ልታስረክብ ስትል መልሰው። ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል። ጥላው ለጊዜው ሸካራ ይመስላል፣ ግድ የለም። ግን ግሬይንና የመሳሰሉት የፎቶሾፕ ኢፌክቶች መልካቸው ከዚህ ቁጥር ጋር ስለሚለወጥ ከማስረከብህ በፊት በመጨረሻው ቁጥር አንዴ እያቸው። ለአኒሜሽን፣ ለመቁረጫ፣ ለጥልፍ ወይም ለስክሪን ኅትመት ከሆነ ግን አዎ፣ መነሳት አለባቸው።

ስትጨርስ ማረጋገጫው ኮንትሮል ዋይ አይደለም፤ አውትላይን እይታ ኢፌክትን ድሮም አያሳይም፣ ንጹሕ ይመስልሃል። ሌየርስ ፓነሉን ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ የተሞላ ክብ የቀረ እንደሆነ እይ። ዶክዩመንት ኢንፎ ፓነል ውስጥ ደግሞ ኢምቤድድ ኢሜጅስ የሚለውን ተመልከት፣ ያልጠበቅከው ምስል ካለ እዚያ ይወጣል። አንድ የሙከራ ኤስቪጂ አውጥተህ ፊልተርና ኢሜጅ የሚሉትን መፈለግም ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ፋይልህ ጸድቷል።

በመጨረሻ አፒራንስ ፓነሉ ሜኑ ውስጥ ኒው አርት ሃዝ ቤዚክ አፒራንስ የሚል አለ። ምልክት ይኑረው። ከሌለው መጨረሻ የነካኸው ኦብጀክት የነበረው ጥላና ግሎው ሁሉ አዲስ የምትስለው ላይ ይጫናል፤ አንተ የተረከብከው ሥዕል ላይም ያ ሁሉ ፌዘር ትንንሾቹ ነጥቦች ላይ ሳይቀር ካለ በዚህ መንገድ የተራባ ሊሆን ይችላል።